ጋሼ ፍሬን እና ገና ያልመጡት ተሳፋሪዎች

ጋሼ ፍሬን የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራው ከርሞ እሱ ራሱ የሰማው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ሰምቶም አልተቀየመም። «ከጋሼ ጡሩንባ ይሻላል» አለና ሳቀ።

ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው ካየ፣ ፌርማታ ይሁን አይሁን፣ ቀኝ እግሩ ከራሱ ቀድሞ ፍሬን ላይ ያርፋል። ሰውየው እጁን ያነሳው ዝንብ ሊያባርር ይሁን፣ ጓደኛውን ሊጠራ ይሁን፣ ብብቱን ሊያክ ይሁን እግሩ አይጠይቅም። አለቆቹ መከሩት፣ ተቆጡት፣ ለፉ። «እኔማ ገብቶኛል፣ ለእግሬ ንገሩልኝ» ይላቸው ነበር።

ሌላም አመል አለው። የሰው ጉዳይ ማወቅ ይወዳል። ሐሜት ማለቴ አይደለም፤ ሐሜት ሲሰማማ እንቅልፉ ይመጣል። እሱ የሚፈልገው ሰው ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ማወቅ ነው። አንዴ አንድ ሰው ሙሉ የእንጨት በር ተሸክሞ ሊሳፈር መጣ።

«በሩን ይዘህ ቤቱን የት ጣልከው?» አለው ጋሼ ፍሬን።

ሰውየው ቤቱን ገና እንዳልሠራ፣ በሩን ግን ጥሩ ሆኖ ስላገኘው ቀድሞ እንደገዛ ነገረው። ጋሼ ፍሬን ይህን ነገር ለዓመታት ሲያወራው ኖረ። ከበር የሚጀመር ቤት! ሰውየው በወረደበት ሰፈር ባለፈ ቁጥር ያ በር ቤት አግኝቶ እንደሆነ ለማየት አንገቱን ያሰግግ ነበር። ሳያየው ጡረታ ወጣ።

ጡረታ ሲወጣ መሪው ከእጁ ወጣ እንጂ እግሩ ሥራውን አልተወም። ምሳ ሲበላ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይረግጣል።

«ምነው፣ ጠረጴዛው ሊሄድ ነው እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ሰው ሊገባ ነው፣ ጠጋ በይ» ይላታል።

ቤቱ ውስጥ አራት ናቸው። እሱ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጁና የልጁ ልጅ። ልጁ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ሕፃኗን ይዛ አባቷ ቤት ገብታለች። የልብስ ስፌት ተምራለች፤ የስፌት መኪና ላይ ስትቀመጥ ጨርቁ ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ይመስላል። ሰፈሩ ውስጥ ግን ሱሪ ከማሳጠርና ዚፕ ከመቀየር ያለፈ ሥራ የለም። ሩቅ ከተማ ያለች ጓደኛዋ በየጊዜው እየደወለች «እዚህ ያለሁበት ስፌት ቤት ሰው ይፈልጋል፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ትላታለች። ጋሼ ፍሬን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቡ ድው ይላል። ልጁ ስትሄድ ሕፃኗም መሄዷ ነው። ሕፃኗ ደግሞ የቤቱ ሬዲዮ ናት፤ እሷ ስትተኛ ነው ቤቱ ዝም የሚለው።

እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት በሩን አንኳኳች። አቧራ የለበሰ ጫማ አድርጋለች፣ በእጇ ቢጫ የራስ ቆብ ይዛለች። ከከተማው ፕላን ቢሮ የመጣች ኢንጂነር ናት።

«ጋሼ፣ ለጥቂት ጊዜ አውቶቡስ ይነዱልናል ወይ ብዬ ነው።»

«ከየት ወዴት?»

«ከዚህ ሰፈር ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው።»

«የቱ ኢንዱስትሪ? እዚያ እኮ ሜዳ ነው።»

«አሁን ሜዳ ነው።»

«ተሳፋሪውስ?»

«ተሳፋሪ የለም። ባዶውን ነው።»

ጋሼ ፍሬን የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። እንዲህ ዓይነት ነገር በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። «እና ለማን ነው የምነዳው?»

«ወደፊት ለሚመጡት» አለች ኢንጂነሯ።

ቁጭ ብላ አስረዳችው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ ትልቅ የኢንዱስትሪ ቀጠና ሊሠራ ነው። ልብስ የሚሰፋበት፣ እንጨት የሚሠራበት፣ ብረት የሚቀልጥበት፣ ዕቃ የሚታሸግበት። ለዛሬ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ፊደል ለሚቆጥሩት ልጆችም ሥራ እንዲሆን ታስቦ ነው። አሁን ሜዳው ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ብቻ ነው። የመጀመሪያው የፋብሪካ ሼድ ግን በሚቀጥለው ዓመት ይጀመራል፤ እሱም የስፌቱ ነው። ከዚያ በፊት ቢሮው አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። የዚህ ሰፈር ሰው በየጠዋቱ ከቤቱ ተነስቶ እዚያ ሠርቶ ማታ ቤቱ መግባት ይችላል ወይ? አውቶቡሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ሰፈሩ ቅርብ ተብሎ የሠራተኛ አውቶቡስ ይመደብለታል። ካለፈ ሩቅ ይባላል። ሩቅ የተባለ ሰፈር ሰው መሥራት ከፈለገ ቀጠናው አጠገብ በሚሠራው ማደሪያ ማደር አለበት። ማደሪያው ደግሞ ለብቻው ለሆነ ሰው ነው።

«ልጅ ያለውስ?» አለች ከጓዳ በኩል የጋሼ ፍሬን ልጅ። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነበር የምታዳምጠው።

«ልጅ ይዞ ማደር አይቻልም» አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ።

ልጁ መርፌውን ከአፏ አወጣች። «አባዬ፣ እንግዲያው እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ካለ እጠብቃለሁ። ከሌለ ለጓደኛዬ እሺ እላታለሁ።»

ጋሼ ፍሬን ኢንጂነሯን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን አየ። «እነዳለሁ» አለ።

የመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ኢንጂነሯ ፌርማታ ይሆናሉ ያለቻቸው ቦታዎች ላይ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ነጭ ክብ ቀብታለች። እዚያ ሲደርሱ መቆም፣ በር መክፈት፣ ሰው እስኪገባ መጠበቅ፣ በር መዝጋት ነው። ጋሼ ፍሬን ቆመ፣ ከፈተ፣ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ።

«ገቡ?»

«ገቡ» አለች ኢንጂነሯ ስልኳ ላይ ያለውን ሰዓት እያየች።

«ነፍሰ ጡር ነበረች መሰለኝ። አንዷ ቀስ ብላ ነው የወጣችው።»

ኢንጂነሯ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች። «አልነበረችም፣ ጋሼ።»

«እሺ። የቆማችሁ ያዙ!» አለና ለባዶው ወንበር ተናግሮ ማርሽ አስገባ።

እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ደህና ሄዱ። መጨረሻው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ሊከፍት ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ባዶ አውቶቡስ በዚያ በጠዋት ሲያይ ገርሞት እጁን አነሳ። አውቶቡሱ ቀጥ አለ።

«ወዴት ነው?» አለ ጋሼ ፍሬን በሩን ከፍቶ፤ እንደ ልማዱ።

«አንተ ወዴት ነህ?»

«ወደ ፋብሪካው።»

«የትኛው ፋብሪካ?»

«ገና ወዳልተሠራው።»

ፀጉር አስተካካዩ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ይሄንንማ ሳላየው አልቀርም» ብሎ ዘሎ ገባ። ኢንጂነሯ ለመናገር አፏን ስትከፍት እሱ መስኮት አጠገብ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ሜዳው ሲደርሱ ፀጉር አስተካካዩ ወርዶ ችካሎቹን አየ፣ እያንዳንዱን በእጁ ነካ ነካ አደረገ፣ ተመልሶ ገባ። ሱቁ ሲመለስ የተላጨም የተቆረጠም ሁሉ ወሬውን ሰማ። በማግሥቱ የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ ነበር። ልብስ አጣቢዋ እጇን አነሳች፣ ዳቦ ሻጩ አነሳ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ከዘራቸውን አነሱ። ጋሼ ፍሬን ለሁሉም ቆመ። ሁሉም ያልተሠራውን ፋብሪካ ማየት ነው የፈለጉት። አጣቢዋ ሜዳው መሀል ቆማ «ይሄን ያህል ሰው ልብሱን የት ሊያሳጥብ ነው?» አለች፤ ሥራዋ አይደል። መምህሩ ደግሞ ችካል ላይ የተጻፈውን ቁጥር በሙሉ እየዞሩ አነበቡ።

በየቀኑ ታዲያ አንድ ሰዓቱ አለፈ።

«ጋሼ፣ እባክዎ» አለች ኢንጂነሯ መጨረሻ ላይ። «የእስካሁኑ ልምምድ ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። የሚመዘገበው የነገው ነው። ኃላፊያችን ራሱ ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ነጩ ክብ ላይ ብቻ ይቁሙ።»

ጋሼ ፍሬን ከቤቱ በፊት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደ። «ነገ ሰው እጁን እንዳያነሳብኝ። እግሬን አላምነውም።»

«ተወው ለኔ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ለሰፈሩ ሰውም «ነገ ጠዋት እጁን የሚያነሳ ሰው ከኔ ጋር ፀቡ የፀጉር ነው። ግማሹን ላጭቼ ነው የምለቀው!» እያለ ሲዞር ዋለ።

ሚስቱ ደግሞ ማታ ራት ላይ «እግርህን በገመድ ላስረው?» አለችው።

«ታስሮ የሚነዳ እግር የት አለ?»

«ሳይታሰር የሚሰማስ የት አለ?»

የመጨረሻው ጠዋት መጣ። ጋሼ ፍሬን አውቶቡሱን አስነስቶ ወደ ሰፈሩ ሲገባ ያየውን ማመን አቃተው። የሰፈሩ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆሟል፤ አንድም ሰው ግን እጁ አይታይም። ገሚሱ ኪሱ ከቷል፣ ገሚሱ ወደ ኋላ አጣምሯል። እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ወደ ታች ጨብጠው ይዘዋል። ዳቦ ሻጩ በሁለቱም ብብቱ ዳቦ አቅፏል። መምህሩ ከዘራቸውን ለሰው ሰጥተዋል። ፀጉር አስተካካዩ እጁ በኪሱ እንዳለ በአገጩ «እለፍ፣ እለፍ» ይላል።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ኢንጂነሯ።

«ለኔ አዝነው ነው» አለ ጋሼ ፍሬን። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እሱም አላወቀውም።

ነጩ ክብ ላይ ቆመ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እግሩ ነዳጁ ላይ ተረጋግቶ ተቀምጧል። «ጎበዝ» አለው ለእግሩ በሆዱ።

የራሱ ቤት በር ላይ ሲደርስ ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። የሕፃኗን ሁለት እጅ በአንድ መዳፏ ይዛለች። ሕፃኗ ግን አያቷ በዚያ በትልቅ መኪና ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ አየችና ደስታዋን አልቻለችም። አንዱን እጇን መንጭቃ አወጣችና አውለበለበችው።

አውቶቡሱ ቀጥ አለ።

«ሂድ!» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ። «ሂድ እንጂ!»

«አባዬ፣ ሂድ! ምን ሆነህ ነው?»

«እጇን አነሳች» አለ ጋሼ ፍሬን። በሩ ተከፍቷል። መቼ እንደከፈተው አያውቅም።

«ቻው ማለቷ ነው እኮ!»

«ይግቡ ወይ ይመለሱ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አለች ኢንጂነሯ። ልጁም ከመከራከር መግባት ይቀላል ብላ ሕፃኗን እንዳቀፈች ገባች። በሩ ተዘጋ።

አሁን ባዶ ቢሆን ኖሮ የጠፋውን በፍጥነት ይመልሰው ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠዋት ነው፣ መኪናውም ደህና ነው። ጋሼ ፍሬን ግን ሰው አሳፍሮ ሮጦ አያውቅም። አሁን ደግሞ የያዘው የቤቱን ሬዲዮ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን እያሰበ፣ ጉድባ በመጣ ቁጥር እንደ ድሮው እያረገበ ነዳ። ኢንጂነሯ ስልኳን እያየች ከንፈሯን ነከሰች እንጂ ይፍጠኑ አላለችውም።

የመጨረሻው ነጭ ክብ ላይ ቆሞ በሩን ከፈተ።

«አባባ፣ ለምን ቆምክ? ማንም የለም» አለች ሕፃኗ።

«አሉ» አለች ኢንጂነሯ። «አንቺ ትልቅ ስትሆኚ የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው።»

ሕፃኗ አሰበች። «እኔ ትልቅ ስሆን የት ነው የምቆመው?»

ኢንጂነሯ ወደ ነጩ ክብ አየች። «እዚያ ይመስለኛል።»

ሕፃኗ በመስኮት ተንጠልጥላ ባዶውን ክብ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን አውለበለበችለት።

«ኧረ እጅሽን አውርጂ፣ ደግሞ ሊቆም ነው!» አለች እናቷ ደንግጣ።

«ቆሟል እኮ» አለች ሕፃኗ።

ሜዳው ጋ ሲደርሱ ኃላፊው መኪናውን ተደግፎ ይጠብቃል። ኢንጂነሯ ስልኳን አሳየችው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለቴ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አለፈ» አለ።

«በብዙ?» አለ ጋሼ ፍሬን።

«ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ ያህል።»

«እሱማ እንደ አስተናጋጁ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ፍሬን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። የገዛ እግሩን እንደ ባዳ ሰው እግር አየው። ልጄን በዚህ እግር ሸኘኋት ማለት ነው አለ በልቡ።

ልጁ ግን አልተቀመጠችም። ሜዳውን አይታው አታውቅም ነበር። «የስፌቱ ሼድ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች። ኢንጂነሯ በችካሎቹ መሀል መርታ ወሰደቻት። አራት ችካል፣ በመሀል ሣር።

«በሩ በየት በኩል ነው?»

«በዚህ በኩል ይሆናል።»

ልጁ ዞራ ሄዳ በተባለው በኩል ገባች። ሕፃኗ ተከትላት ሮጠች፤ በአቋራጭ።

«ግድግዳ ጥሰሽ ነው የገባሽው!» አላት አያቷ ከሩቅ። ሕፃኗ ደንግጣ ተመልሳ ወጣችና በበሩ ገባች። ይህን ጊዜ ጋሼ ፍሬን በሩን ተሸክሞ የተሳፈረው ያ ሰውዬ ትዝ አለው። ብድግ ብሎ እሱም ሄደ፤ በበሩ።

ልጁ ሣሩ መሀል ቆማ ብርሃኑ በየት እንደሚመጣ አየች፣ የስፌት መኪናዋን የት እንደምታስቀምጥ በዓይኗ መረጠች። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«አንድ ሰዓት ያላችሁት ለምንድን ነው?»

«ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ይደክመዋል። በየቀኑ ነው እኮ። ትንሽ ሠርቶ ጥሎ ይሄዳል።»

«እውነት ነው፣ ይደክማል» አለች። «ማታ ልጄ ጋ ካደረሰኝ ግን ደክሞኝም እሳፈራለሁ።»

«አንቺ ትሳፈሪያለሽ። ሌላውስ?»

ኢንጂነሯ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ስንመለስ እንጠይቃቸዋ» አለች። «የመመለሻው መንገድ ሰዓት አይያዝበትም።»

ሲመለሱ ሰፈሩ አሁንም መንገድ ላይ ነው፣ እጁን እንዳጣመረ። ጋሼ ፍሬን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አበቃ! እንደፈለጋችሁ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ መንገዱ በሙሉ እጅ ሆነ። ዳቦ ሻጩ ዳቦውን አነሳ፣ መምህሩ ከዘራቸውን ተቀብለው አነሱ። እግሩ ለእያንዳንዱ እጅ ቆመ፤ በዚያ ቀን እንደዚያ ደስ ብሎት የረገጠ እግር የለም። ኢንጂነሯ የገባውን ሁሉ ጠየቀች። አንዳንዱ እሳፈራለሁ አለ። ዳቦ ሻጩ ራሱ ሱቁን እንደማይለቅ፣ ሁለቱ ልጆቹ ግን ሥራ ፈላጊ እንደሆኑ ተናገረ። አጣቢዋ ከአንድ ሰዓት በላይማ በእግሯም ስትሄድ እንደኖረች አጫወተቻት። ፀጉር አስተካካዩን ስትጠይቀው «እኔ? አልሳፈርም» አለ። «እኔ ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ግን እዚያ የሚውለው ሰው ሁሉ ፀጉር አለው አይደል?» አለና ማሰብ ጀመረ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ፍሬን ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ቀረ። ልጁ አንስታ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ቆየችና «አልመጣም» አለቻት። «ሩቅ ነው ብለውናል፣ አዎ። ግን አሁን የት ድረስ እንደሚርቅ አይቼዋለሁ። እስኪከፈት ዚፕ እየቀየርኩ እጠብቃለሁ።»

ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር አየችና «ዛሬስ እግርህ ዝም አለ» አለችው።

«ወራጅ የለም» አለ ጋሼ ፍሬን።

ከቢሮው ለብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም። ኢንጂነሯ አንዴ መጥታ «የሰፈሩን መልስ አስገብቻለሁ፤ ገና እያዩት ነው፣ እኔም አላውቅም» አለች፤ ሻይ ጠጥታ ሄደች። ከዚያ አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ መጣና ጋሼ ፍሬንን ጠራው። ሱቁ ፊት ለፊት፣ ነጭ ክብ ያልተቀባበት ቦታ ላይ፣ የፌርማታ ምሰሶ ተተክሏል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። ምልክቱ ላይ አውቶቡስ ተስሏል፣ ከሥሩ ግን የመስመር ቁጥር የለም።

ጋሼ ፍሬን ሕፃኗን ይዞ ምሰሶውን ሊያይ ሄደ። ዙሪያውን ዞረ፣ በእጁ ገፋ አድርጎ ጥንካሬውን ፈተነው። ሕፃኗ አጠገቡ ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«አውቶቡሱ እኮ ገና ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፤ እጇን ግን አላወረደችም።

ጋሼ ፍሬን መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እሱም እጁን አነሳ። ሕይወቱን ሙሉ ለሌላው ሰው ሲቆም ኖረ እንጂ ከዚህ በኩል ቆሞ እጅ ማንሳት ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበርና፣ ማወቅ ፈለገ።